ሐሩርና ወበቅ በሞንሱን አገር፤ ከህንድ የአየር ጠባይ የምንማረው

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ፀሐይ ወደ ሰሜን ከሁሉ ይበልጥ የምታዘነብለው በሰኔ ከሆነ፣ ህንድ አገር አብዝታ የምትቃጠለው ለምን በሚያዝያና በግንቦት ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን በሚገባ ለመስጠት ግን መሬትንና ባሕርን፣ ተራራንና ነፋስን፣ በመጨረሻም የሰውን ገላ አንድ ላይ መመርመር ያስፈልጋል። ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በህንድ በዚህ ወቅት በሙቀት ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለቀባቸው ዓመታት አሉና።

ህንድን ለምሳሌነት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሞንሱን የአየር ጠባይ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ሁለተኛ፣ ዝናቧን የሚያመጣላት ነፋስ በእኛው አካባቢ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ታክኮ የሚያልፍ ነው። ለአንባቢ እንዲያመች ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀኖቹንና ወሮቹን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።

፩. የአገሩ አቀማመጥ

ህንድ በሰሜን ኬክሮስ ከ8 ዲግሪ እስከ 37 ዲግሪ ድረስ የተዘረጋች ሰፊ አገር ናት። በሰሜን 23½ ዲግሪ ላይ የሚያልፈው የካንሰር መስመር አገሪቱን ከመካከሏ ገደማ ያቋርጣታል። ስለዚህ በኬክሮስ ብቻ ቢፈረድ ደቡባዊው ክፍል ሞቃት፣ ሰሜናዊው ክፍል ግን መካከለኛ የአየር ጠባይ ያለው በሆነ ነበር። ይህ እንዳይሆን ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው የሂማላያ ተራራ ሰንሰለት ነው። 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ የተፈጥሮ ግንብ ከመካከለኛው እስያ የሚነሣውን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ወደ ደቡብ እንዳይወርድ ያግደዋል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ከባሕር የሚመጣው ርጥብ አየር ወደ ሰሜን እንዳያመልጥ ይገታዋል።

ከሂማላያ ግርጌ ሰፊው የጋንጂስ ሜዳ ይገኛል። በዚህ ሜዳ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 220 ሜትር ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ እናውቃለን። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለን የምንከፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ አነጋገር የህንድ ሜዳ በሙሉ ቆላ ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን ምዕራብ የታር በረሃ፣ በደቡብ የዴካን አምባ፣ በምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ የምዕራብ ጋት ተራሮች ይገኛሉ። የደቡቡ ክፍል ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በምዕራብ የዐረብ ባሕር፣ በምሥራቅ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ያዋስኑታል።

፪. መሬት ይቸኩላል፤ ባሕር ይዘገያል

የሞንሱን ሥር የሚገኘው መሬትና ባሕር ሙቀትን በሚቀበሉበት ልዩነት ላይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ክብደት ላለው ደረቅ አፈር ከሚያስፈልገው ወደ አምስት እጥፍ ይደርሳል። በዚህም ላይ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ማዕበልም የላዩን ውሃ ከታቹ ጋር ያማስለዋል። መሬት ግን የሚሞቀው ላይ ላዩ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ከመጋቢት ጀምሮ የህንድ መሬት በፍጥነት ሲግል፣ በዙሪያው ያለው ባሕር ወደ ኋላ ይቀራል።

በሚያዝያና በግንቦት በመካከለኛውና በሰሜን ምዕራብ ህንድ ከፍተኛው የቀን ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አፈሩ የደረቀ ስለሆነ ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ለትነት የሚውልበት ርጥበት አያገኝም፤ ሁሉም መሬቱንና አየሩን ለማሞቅ ይውላል። ያን ጊዜ በሰሜኑ ሜዳ ላይ ነዋሪዎቹ «ሉ» ብለው የሚጠሩት ደረቅና የሚለበልብ ነፋስ ከቀትር በኋላ ይነሣል። በ2016 ግንቦት 11 ቀን በራጃስታን ክፍለ ሀገር ፋሎዲ በተባለችው ከተማ 51 ዲግሪ ተመዝግቧል።

እንዲህ የጋለ መሬት በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ቀሊል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሥሩም ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጠራል። በባሕሩ ላይ ግን አየሩ ቀዝቀዝና ከበድ ያለ ነው። ስለዚህ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል። ይህን ምክንያት ቀድመው ካብራሩት ሊቃውንት አንዱ በ1686 የጻፈው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በ1735 ሌላው እንግሊዛዊ ጆርጅ ሃድሊ የመሬት መሽከርከር የነፋስን አቅጣጫ እንደሚለውጥ በማስረዳት ትምህርቱን አሟላው። «ሞንሱን» የሚለው ቃልም ከዐረብኛው «መውሲም» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ወቅት» ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ሊቃውንት በሃሌይ ሐሳብ ላይ ሁለት ነገር ጨምረዋል። አንደኛው፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዝናቡ አንድ ጊዜ ከጀመረ ራሱን በራሱ የሚያበረታ መሆኑ ነው፤ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ስለሚገፋ ተጨማሪ ርጥብ አየር ከባሕር ይሳባል።

፫. ነፋሱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

የህንድን ዝናብ የሚሸከመው ነፋስ የሚነሣው ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ካለው የህንድ ውቅያኖስ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች እንደ ግድግዳ ይመክቱታል። ነፋሱም በኬንያ አካባቢ ምድር ወገብን ተሻግሮ፣ በመሬት መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ የሶማሊያን ጠረፍ ተከትሎ በዐረብ ባሕር ላይ ወደ ህንድ ይገሰግሳል። ይህን ብርቱ የአየር ጎርፍ በ1969 በዝርዝር የገለጸው ጆን ፊንድላተር የተባለ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ነው። መርከበኞች ግን ነፋሱን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያውቁት ነበር። ከቀይ ባሕር ወደ ህንድ የሚጓዙ ነጋዴዎች ሸራቸውን የሚዘረጉት ይህን ነፋስ ጠብቀው ሲሆን፣ አዱሊስም የዚህ ንግድ ወደብ ነበረች።

እዚህ ላይ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ይህን ያህል ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ ካለፈ፣ ጠረፉ ለምን ደረቅ ሆነ? መልሱ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ የሚገባ ሳይሆን ከጠረፉ ጎን ለጎን የሚሮጥ መሆኑ ነው። በዚህም ላይ የባሕሩን የላይ ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ስለሚያርቀው በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ከቀዝቃዛ ውሃ በላይ ያለ አየር ደግሞ በቀላሉ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና አይሠራም። አንዱ ነፋስ ለአንዱ አገር ዝናብ፣ ለሌላው ድርቅ የሚሆንበት ምሥጢር ይህ ነው።

ነፋሱ ዐረብ ባሕርን ሲያቋርጥ ብዙ እንፋሎት ይሰበስባል። ዝናቡም በአማካይ ግንቦት 24 ቀን በደቡብ ጫፍ ባለው በኬራላ ይጀምርና፣ ሰኔ 4 ገደማ ሙምባይ፣ ሰኔ 20 ገደማ ዴልሂ ይደርሳል፤ እስከ ሐምሌ 1 ድረስም አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። ህንድ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ኮረብቶች ላይ ያለችው ማውሲንራም በዓመት በአማካይ ከ11,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ዘጠኝ ወይም አሥር እጥፍ ያህል ነው። በጎረቤቷ በቼራፑንጂ ከነሐሴ 1860 እስከ ሐምሌ 1861 በነበሩት አሥራ ሁለት ወራት 26,461 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። በታር በረሃ ያለችው ጃይሳልመር ግን በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም።

፬. የደመናው ጥላ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ በህንድ ሰማይ ላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ደመናው ብርሃኗን ወደ ጠፈር መልሶ ያንጸባርቃል፤ የራሰው መሬትም የደረሰውን ኃይል ለትነት ያውለዋል። በመሆኑም ሙቀቱ ጣሪያ የሚነካው ፀሐይ ከፍ ባለችበት ወር ሳይሆን፣ ፀሐይ በበረታችበትና ደመና ገና ባልመጣበት ጊዜ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለን። ዝናቡ ቀድሞ በሚደርስበት በኬራላ ከሁሉ የሚሞቀው ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ በመካከለኛው ህንድ ባለችው በናግፑር ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ በሚደርስበት በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ግን ሙቀቱ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። የሙቀቱ ማብቂያ የዝናቡን መምጫ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል ማለት ነው። የሙምባይም ነገር ይህንኑ ያሳያል። ፀሐይ በሙምባይ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 8 ገደማና ሐምሌ 20 ገደማ ትቆማለች። በመጀመሪያው ጊዜ ከፍተኛው የቀን ሙቀት በአማካይ 33 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ያችው ፀሐይ በዚያው ከፍታ ላይ ሳለች 30 ዲግሪ ገደማ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ ትቆማለች። በሚያዝያ ጥላ ፈልገን እንሸሻለን፤ በነሐሴ መጨረሻ ግን ካፖርት እንለብሳለን። ልዩነቱ የፀሐይ ሳይሆን የደመና ነው። አንዳንድ የውጭ መጻሕፍት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ «የሙቀት ወቅት» ሲሉት ተማሪዎቻችን ግራ የሚጋቡትም ለዚህ ነው።

፭. ሐሩር ሌላ፣ ወበቅ ሌላ

አማርኛችን ለሙቀት ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት። ደረቁንና የሚያቃጥለውን «ሐሩር» እንለዋለን፤ የታፈነውንና ላብ የማያደርቀውን ደግሞ «ወበቅ»። ይህ የስም ብቻ ሳይሆን የሳይንስም ልዩነት ነው።

የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ፣ የቆዳው ሙቀት ደግሞ ወደ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከቆዳ የቀዘቀዘ ሲሆን ገላ ሙቀቱን ወደ አየር ያስወጣል። አየሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ይህ በር ይዘጋል፤ እንዲያውም ሙቀት ከአየር ወደ ገላ ይገባል። ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ ላብ ነው። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብ እንበል፤ የሚያቀዘቅዘው መላብ ሳይሆን የላቡ መትነን ነው። በርጥበት የተሞላ አየር ተጨማሪ እንፋሎት ስለማይቀበል ላቡ እየተንጠባጠበ ይፈሳል እንጂ አይተንም።

ይህን ለመለካት ሳይንቲስቶች የቴርሞሜትሩን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው በነፋስ ውስጥ ያነቡታል። ንባቡ «የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት» ይባላል። በተግባር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። በሰሜን ህንድ ሜዳ አየሩ 42 ዲግሪ፣ ርጥበቱም 20 በመቶ ቢሆን እርጥቡ ቴርሞሜትር 24 ዲግሪ ያህል ያነባል። በምሥራቁ ጠረፍ አየሩ 36 ዲግሪ፣ ርጥበቱ ግን 70 በመቶ ቢሆን እርጥቡ ቴርሞሜትር ወደ 31 ዲግሪ ይደርሳል። በተራው ቴርሞሜትር ዝቅ ያለው ቦታ ለሰው ገላ ይበልጥ የከፋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በ2010 የወጣ ጥናት፣ እርጥቡ ቴርሞሜትር ለብዙ ሰዓት 35 ዲግሪ ላይ ከቆየ ጤነኛ ሰው በጥላ ሥር ቢቀመጥ እንኳ ሊቋቋመው እንደማይችል አመለከተ። በ2022 በአሜሪካ በጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ በርጥብ አየር ውስጥ ገላ ሙቀቱን መቆጣጠር የሚሳነው ወደ 31 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ የምንረዳው ዝናቡ ሲመጣ ችግሩ ሁሉ የማይጠፋ መሆኑን ነው። ሐሩሩ ይሰበራል፤ ነገር ግን በአንዱና በሌላው ዝናብ መካከል ፀሐይ ብቅ ስትል ወበቁ ይተካል።

፮. የሚጎዱት እነማን ናቸው? ምንስ ተደረገ?

በ1875 የተቋቋመው የህንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በሜዳማ ቦታ ከፍተኛው ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ከተለመደው በ4.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ፣ ወይም በማናቸውም ሁኔታ 45 ዲግሪ ሲደርስ «የሙቀት ማዕበል» መኖሩን ያስታውቃል። ቴርሞሜትሩ የሚነበበው በጥላ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። መሣሪያውም ደጋግሞ መፈተሽ አለበት። በ2024 ግንቦት 21 ቀን በዴልሂ አንድ ጣቢያ 52.9 ዲግሪ መመዝገቡ በዓለም ተሰምቶ ነበር፤ በምርመራ ግን መሣሪያው 3 ዲግሪ ያህል አብዝቶ እንዳነበበ ታወቀ።

በ2010 ግንቦት 13 ቀን በጉጃራት ክፍለ ሀገር በአህመዳባድ ከተማ ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ደረሰ። በዚያ ወር በከተማይቱ ከወትሮው በ1,344 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው በኋላ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል። በ2015 ደግሞ በአብዛኛው በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና ከ2,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ሙቀት ሁሉንም እኩል አይመታም። በይበልጥ የሚጎዱት ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ሕሙማን፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ የግንባታ ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ድኾች ናቸው። ቀን የሞቀው ገላ ሌሊት ካልበረደ በማግሥቱ ድካሙ ይደራረባል።

አህመዳባድ ከደረሰባት ጉዳት ተምራ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ በደቡብ እስያም የመጀመሪያው ነበር። ዕቅዱ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። ሙቀቱ ከመምጣቱ ከቀናት በፊት ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ የሐኪም ቤት ሠራተኞች በሙቀት የተመታን ሰው እንዴት እንደሚረዱ ይሠለጥናሉ፤ የመጠጥ ውሃና ጥላ ያላቸው ማረፊያዎች ይዘጋጃሉ፤ የድኾች ቤት ጣሪያ ፀሐይን እንዲያንጸባርቅ ነጭ ይቀባል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ የህንድ ከተሞችና ክፍለ ሀገሮች ይህንኑ ተከትለዋል።

የዕቅዱ አስፈላጊነት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። የህንድ አማካይ ሙቀት ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በ0.7 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። በ2022 ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ በመጋቢት ስለመጣ ስንዴው ፍሬ በሚቋጥርበት ሰዓት ተመታ፤ መንግሥትም በግንቦት ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ።

፯. ለእኛስ?

የህንድ ዝናብና የእኛ ክረምት የአንድ ሰፊ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው። ከ1904 እስከ 1924 የህንድን ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመራው ጊልበርት ዎከር ዝናቡ የሚቀርበትን ዓመት አስቀድሞ ለማወቅ ሲጥር ከመረመራቸው ቁጥሮች አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር። ዛሬ ኤልኒኞ ከምንለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር የተያያዘውን የአየር ግፊት መዋዠቅ ያገኘውም እርሱ ነው። ኤልኒኞ በበረታበት በ2015 የህንድ ዝናብ ከአማካዩ በ14 በመቶ ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ክረምት ከሽፎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ሐሩርና ወበቅም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በአፋር፣ በጋምቤላና በመተማ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን የሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪ ምን ያህል እንደሚዝል ያውቃሉ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄዱ ወገኖቻችንም በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ በዓለም ከከፉት ወበቆች አንዱን ይጋፈጣሉ። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ የሚከተለውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በሙቀት የተመታ ሰው ገላው ይግላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ይቃዠዋል ወይም ይስታል። እንዲህ ያለውን ሰው ወዲያው ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ ማጠጣት አይገባም። ለጤነኛው ደግሞ ሳይጠማ መጠጣትና ከባዱን ሥራ በጧት መጨረስ ነው።

ለክፍል ውስጥ የሚሆኑ ሙከራዎች

ሀ) ሁለት እኩል ጣሳዎች ውሰዱ። በአንዱ ደረቅ አፈር፣ በሌላው ውሃ እኩል አድርጋችሁ ሙሉ። በሁለቱም ቴርሞሜትር ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ለአንድ ሰዓት በየአሥር ደቂቃው እያነበባችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም ጥላ ውስጥ አግብታችሁ ቀጥሉ። የትኛው ቶሎ ሞቀ? የትኛውስ ቶሎ በረደ?

ለ) የአንዱን ቴርሞሜትር ጫፍ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ሌላውን ደረቁን ተዉት። ሁለቱንም በጥላ ሰቅላችሁ በደብተር አራግቡ። የሁለቱን ንባብ ልዩነት በደረቅ ቀንና ዝናብ በጣለበት ቀን አወዳድሩ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የሂማላያ ተራሮች ባይኖሩ ኖሮ የሰሜን ህንድ የብርድ ወራት ምን ይመስል ነበር?
2. በምዕራብ ጋት ተራሮች ምዕራባዊ ገጽ ብዙ ዝናብ ሲጥል በምሥራቅ በኩል ለምን ያንሳል?
3. በናግፑርና በኬራላ ከሁሉ የሚሞቁት ወሮች ለምን ይለያያሉ?
4. 42 ዲግሪ ደረቅ አየርና 36 ዲግሪ ርጥብ አየር ውስጥ በሚሠሩ ሁለት ሰዎች ገላ ላይ የሚደርሰውን አወዳድሩ።
5. በምትኖሩበት አካባቢ ከሁሉ የሚሞቀው ወር የትኛው ነው? ዝናቡ ከሚጀምርበት ወር ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ።